የመሸበት መንገደኛ የት ይደር? በከፋ ተራሮች በአነስተኛ ዋጋ ማደሪያን ስለ መምረጥ

ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ በሚጓዝበት ዘመን፣ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ የደረሰ መንገደኛ የአልጋ ዋጋ አይጠይቅም ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ከቤቱ የተገኘው ይቀርብለታል፤ መደቡ ይነጠፍለታል። ልማዱ በገጠሩ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። መኪና በሚያልፍባቸው ከተሞች ግን «አልጋ አለ» የሚል ሰሌዳ ተተክቶበታል። አልጋ ቤት ቢሉት፣ ፔንሲዮን ቢሉት፣ ከጣልያንኛው «አልቤርጎ» ተወስዶ «ቤርጎ» ቢባል ነገሩ አንድ ነው፤ በገንዘብ የሚገኝ የአንድ ሌሊት ማደሪያ። በቀድሞው ሥርዓት ስለ እንግዳው ደኅንነት የሚጨነቀው ባለቤቱ ነበር። ዛሬ ከጭንቀቱ እኩሌታው ወደ እንግዳው ተሻግሯል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዕትም በትምህርት ዓምዳችን ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የወሰንነው በዋጫ ያደርነው አንድ ሌሊት ስላስተማረን ነው። ትምህርቱ በውሎ አበል ለሚጓዝ የመስክ ሠራተኛ፣ ወደ አዲስ ቦታ ለተመደበ መምህር ወይም ነርስ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ለሚሄድ ቤተ ሰብ፣ የቡናን አገር ለማየት ለሚመጣ ወጣት ሁሉ ይሆናል ብለን እናምናለን።

አስቀድመን አገሩን እንግለጽ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከጅማ በኋላ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሹራብ ለብሶ የተነሣው መንገደኛ በዚያ ሲደርስ መስኮት ይከፍታል። ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ እንደ ገና ወደ ላይ፣ ወደ ጊምቦና ወደ ቦንጋ ደኖች ይወጣል። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ የውሽውሽን የሻይ እርሻ አልፎ የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ዋጫ ይደርሳል፤ መንገዱም ወደ ሚዛን ይቀጥላል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ የጎብኚው ቍጥር እየጨመረ፣ ቦንጋም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ከሆነች ወዲህ ስብሰባና ሥልጠና እየበዛ ስለ መጣ፣ ጉባኤ ባለበት ሳምንት አልጋ ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነው። እንደ ዋጫ ባሉ የወረዳ ከተሞች ደግሞ የገበያ ዋዜማ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት በዚያ ላለ ወዳጅ ስልክ ደውለን «በዚህ ሳምንት ስብሰባ አለ ወይ? ገበያው መቼ ነው?» ብለን መጠየቅ የሁሉ መጀመሪያ ነው።

ከፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ በመጠኑ የሚያባራው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ደኑን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውን፣ ቡናውን የሰጠን ይህ ዝናብ ነው፤ ፍራሹን የሚያሻግተውም፣ መንገዱን ቈርጦ ተጓዡን ለምሽት የሚዳርገውም እርሱ ነው።

እኛንም ለምሽት የዳረገን እርሱ ነበር። አራት ሆነን፣ ከመካከላችን አንዲት እኅት ይዘን፣ በወረዳው ለሚኖሩ እናቶች ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ ቤት አያያዝ ትምህርት ለመስጠት ወደ ዋጫ ስንሄድ፣ መኪናችን ከአንድ ገደላማ ስፍራ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ለሦስት ሰዓት ያህል ቆመን ቀረን። ከተማዋ የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። የመጀመሪያው ቤት የጠየቀን ዋጋ ከአበላችን ጋር አልተስማማም፤ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ሰጠን። በሻማ ብርሃን ክፍሎቹን አየን፤ አንሶላው ታጥቧል፤ በሩ ቁልፍ አለው፤ ጣሪያው አያፈስም። በዋጋው ተደስተን ዕቃችንን አስገባን።

በማግሥቱ ትምህርቱ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ እኅታችን ራሷን አዞራትና ከመድረኩ ወርዳ ተቀመጠች። በኋላ ስንጠይቃት ነገሩ ወጣ። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ግርጌ፣ ከመጠጥ ቤቱ የጓሮ በር አጠገብ በሚያልፍ አድጦ የሚጥል ቁልቁለት ላይ ነበር፤ መብራት የለውም፤ በሩ ከውስጥ አይቀረቀርም። ይህን ገና እንደ ገባን ተረድታ፣ ሌሊት ላለመውጣት ስትል ውኃ ሳትጠጣ አደረች። ወንበር በበሩ ላይ ደግፋ፣ ከመጠጥ ቤቱ የሚመጣውን ድምፅ እያዳመጠች እንቅልፍም አልተኛችም። «እናንተ አልጋውን አያችሁ፤ እኔ መንገዱን አየሁ» አለችን። እኛ ግን ስለ መጸዳጃ ቤት ለማስተማር መጥተን፣ ያደርንበትን ቤት መጸዳጃ ቤት ለማየት እንኳ አላሰብንም ነበር። አፍረን ዝም አልን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ይዘናል። ማደሪያውን የሚመረምረውና የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ከመካከላችን ቤቱ መጥፎ ቢሆን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ሰው ነው። ሴት አብራን ካለች እርሷ፤ በዕድሜ የገፉ አባት ካሉ እርሳቸው፤ ሕፃን የያዘች እናት ካለች እርሷ። ጤናማና ጕልማሳ የሆነ ወንድ በየትም ቦታ ጋደም ብሎ ሊያድር ይችላል፤ ስለዚህ የእርሱ «ምንም አይልም» ማለት ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

ይህን ለማድረግ ብርሃን ያስፈልጋል። በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመሻል፤ የክረምቱ ዝናብም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል። በ10 ሰዓት ከሚያድርበት ከተማ የገባ ሰው ሁለት ሦስት ቤት አይቶ ይመርጣል፤ በ3 ሰዓት የገባ ግን የተሰጠውን ይቀበላል። «ጥቂት እንግፋና እዚያ እንደር» የሚለው የሾፌርና የአለቃ ስምምነት ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለን እዚህ ላይ ነው።

አንሶላው ነጭ መሆኑ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ፍራሹን ማየት ይገባል። አንሶላውን ከጥጉ ገለጥ አድርጎ በእጅ ባትሪ ስፌቱን መመልከት ነው። በስፌቱ እጥፋት፣ በአልጋው ጣውላ መገጣጠሚያ፣ ከራስጌ ባለው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ቀለም ጠብታ ያሉ ጥቋቍር ነጠብጣቦች ከታዩ ትኋን አለ ማለት ነው። ትኋን በሽታ ስለ ማስተላለፉ የተረጋገጠ ነገር ባይኖርም፣ እንቅልፍ ከመንሣቱም በላይ በሻንጣ ተሳፍሮ ወደ ቤት ይመጣል፤ ምግብ ሳያገኝም ለወራት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ሻንጣን አልጋ ላይ ወይም ወለል ላይ አለማኖር፣ በላስቲክ ውስጥ አስሮ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። ከጉዞ የተመለሰ ልብስ ወደ ቁም ሳጥን ሳይገባ በፊት በሚያቃጥል ውኃ ይታጠብ፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ትኋኑንም ዕንቍላሉንም ይገድላል። የእኛ ባለቤቶች ይህን ከማንም በፊት ያውቃሉ፤ ሻንጣችንን በረንዳ ላይ እንድናራግፍ የሚያዝዙን ያለ ምክንያት አይደለም።

የቅማል ነገር ግን ከዚህ የከፋ ነው። ግርሻ የሚባለው ትኩሳት በልብስ ቅማል አማካይነት የሚተላለፍ፣ በአገራችን ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቅ በሽታ ነው፤ ብርድና ዝናብ ሰውን በአንድ ክፍል ሲያጨናንቀው፣ ብርድ ልብስም ከሰው ወደ ሰው ሳይታጠብ ሲያልፍ ይስፋፋል። አንሶላውን በየዕለቱ የሚያጥብ ቤት ብርድ ልብሱን በየዓመቱ ብቻ ሊያጥብ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጋቢ ወይም የራስ አንሶላ ይዞ መጓዝ ከቅንጦት አይቈጠርም። ወለሉ አፈር በሆነ ቤት ደግሞ በባዶ እግር አለመርገጥ ነው፤ ሙጀሌ ከአፈር የሚገባ ነውና። ነጠላ ጫማ ክብደት የለውም።

ከደጋው አገር ወደ ከፋ የሚመጣ ሰው አረንጓዴውንና ቀዝቃዛውን ተራራ ሲያይ ወባ የለም ብሎ ይደመድማል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር በአብዛኛው ለወባ የተጋለጠ ነው፤ ቦንጋም በዚህ ውስጥ ናት፤ የጎጀብ ሸለቆማ ግልጽ ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ቀጥሎም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ አጎበር የሌለው አልጋ ተመራጭ ሊሆን አይገባውም። አጎበሩ ካለ ቀዳዳውን ማየት ነው፤ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው አጎበር ለትንኟ በር ነው። መርፌና ክር የያዘ ሰው በአምስት ደቂቃ ይጠግነዋል።

ስለ ውኃ ስንጠይቅ «ውኃ አለ?» ማለት አይበቃም፤ ሁልጊዜ «አለ» ይባላል። ቧንቧውን ከፍቶ ማየት፣ ከሌለ ሮቶ ውስጥ ስንት ቀን የቆየ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። የሚጠጣውን ውኃ ማፍላት ይሻላል። በከፍታ ቦታ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በ2,000 ሜትር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ስለዚህ ከዚህ ከፍታ በላይ ለአንድ ደቂቃ የሚባለውን ሦስት ደቂቃ ማድረግ ይመከራል። ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውኃ አጋር ያለውን ማከሚያ እንደ መመሪያው ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የሻወሩ ነገርም አለ፤ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሻወር ያለበት ቤት ቧንቧውን ሲነኩት በእጅ ላይ ትንሽም ቢሆን ንዝረት ከተሰማ፣ ሽቦው በትክክል አልተያዘም ማለት ነውና በባልዲና በጆግ መታጠብ ይሻላል። ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ አምጡልን ብንል የማያመጣ የከፋ ቤት እስከ ዛሬ አልገጠመንም።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። እንደ አዲዮ ባሉት ደጋማ ወረዳዎች፣ ስመ ጥሩው የቦንጋ በግ በሚረባበት ከፍታ፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ዝናብ ያበሰበሰው እንግዳ ሲመጣ ባለቤቷ አዝና ፍም የሞላ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍሉ ታስገባለች። ይህ ደግነት ነው፤ ነገር ግን ሊገድል ይችላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ራስ ምታቱን እንኳ ሳያውቅ ላይነቃ ይችላል። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ጭስ ስለሌለው አደጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ማንደጃ ሲመጣልን እምቢ ማለት ነውር ሆኖብን ተቸገርን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ «እማማ፣ ከርስዎ ጋር በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣን ብንሞቀው ይሻላል» አላቸውና ማንደጃው ወጣ፤ እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ አብረን ተጫወትን። ክብራቸውም አልተነካም፤ እኛም በብርድ ልብስ ተጠቅልለን በሰላም አደርን።

የዋጋውን ነገር እናንሣ። ለማስላት እንዲመች አንዱ ቤት ለአንድ ሌሊት 300 ብር፣ ሌላው 500 ብር ቢጠይቅ፣ በሦስት ሌሊት ልዩነቱ 600 ብር ነው። ከ300 ብሩ ቤት ውኃ ስለሌለ የታሸገ ውኃ ለመታጠቢያ ጭምር ብንገዛ፣ ለሻወር ሌላ ቦታ ብንከፍል፣ መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በጡሩምባ ተቀስቅሰን በማግሥቱ ሥራውን በግማሽ ልብ ብንሠራ፣ ከ600 ብሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንድ ሰው ታሞ ቢተኛ ግን ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። ይህን ስንል ውድ የሆነው ሁሉ ደኅና ነው ማለታችን አይደለም። ዋጋውን ያስወደደው በእንግዳ መቀበያው ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን ብቻ የሆነበት ቤትም አይተናል።

ዝቅተኛ ዋጋ ከንጽሕናና ከደኅንነት ጋር ሊስማማ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ አለ። በ1909 በአውሮፓ አቆጣጠር ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ነጐድጓድና ዝናብ ያዘውና በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተጠለለ። ልጆቹ በገለባ ላይ ተኙ። መምህሩ ግን ሌሊቱን ሳይተኛ፣ በዕረፍት ጊዜ ባዶአቸውን የሚቆሙት ትምህርት ቤቶች ለመንገደኛ ወጣቶች ማደሪያ ቢሆኑስ እያለ አሰበ። ከዚህ ሐሳብ በ1912 በአልቴና ቤተ መንግሥት የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። በእኛም ከተሞች ያሉትን ትናንሽ አልጋ ቤቶች ስናይ፣ የሚጎድላቸው ብዙ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ አንድ መቀርቀሪያ፣ አንድ አምፖል፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ደጅ የሚቀመጥ አንድ ጄሪካን ውኃና ሳሙና ነው።

ስለዚህ ዋጋ ስንከራከር ልክ ይኑረን። ባለ አራት ክፍል አልጋ ቤት ይዛ ልጆች የምታሳድግ እናት ከመጨረሻዋ ሃምሳ ብር በታች ብናወርዳት፣ የምትቀንሰው ከሳሙናው ወይም ከምታስቀዳው ውኃ ነው፤ ተመልሶም የሚጎዳው ቀጣዩ እንግዳ ነው። ደረሰኝን በተመለከተም በግልጥ እንናገር። 300 ብር ከፍሎ የ500 ብር ደረሰኝ የሚጠይቅ ሠራተኛ አለ፤ ባለቤቷም እንግዳ እንዳይቀርባት ፈርታ ትጽፍለታለች። እርሱ በትርፉ ሲደሰት እርሷ ባላገኘችው ገቢ ግብር ልትጠየቅበት የምትችል ወረቀት ፈርማለች። ይህን ልማድ እንደ ብልኃት የሚቈጥሩት ወገኖች መኖራቸው ያሳዝነናል።

ጉድለት ባገኘን ጊዜ ዝም ብሎ መሄድና በሌላ ከተማ ማማት የብዙዎቻችን ጠባይ ነው። እኛም በዚያ በዋጫ ማለዳ እንዲሁ ለማድረግ ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን እኅታችን ሒሳቡ ሲከፈል ባለቤቱን ለብቻቸው ጠርታ «ጋሼ፣ አልጋዎ ንጹሕ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽንት ቤቱ ግን መብራትም መቀርቀሪያም የለውም፤ ሴት እንግዳ እዚህ ሌሊት መውጣት አትችልም» አለቻቸው። ሰውየው መሬት መሬት እያዩ ሰሙና ምንም ሳይመልሱ ገንዘቡን ቈጥረው ገቡ። ተቀይመዋል ብለን ሄድን።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ትምህርት ሁለተኛ ዙር፣ በ10 ሰዓት ገደማ ዋጫ ደረስንና እኅታችን የእጅ ባትሪዋን ይዛ ቤቶቹን ለማየት ሄደች። ተመልሳ ወደዚያው ቤት እንድንገባ ነገረችን። በቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ደረጃ ሆኗል፤ ከመጠጥ ቤቱ የጓሮ በር ወዲህ የቆርቆሮ አጥር ተተክሏል፤ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አዲስ መቀርቀሪያ ተመትቷል። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ፋኖስም በምስማር ተሰቅሏል። የአልጋው ዋጋ ግን 50 ብር ጨምሯል። ሳንከራከር ከፈልን።